ሆዳቸውን ነው ያልኩ ቀን

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ከእንጅባራ ብዙ በማይርቅ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። የተማርኩት ስታትስቲክስ ነው። ሥራዬ የሕሙማን መዝገቦችን ሰብስቦ ወር ሲያልቅ ሪፖርት ማዘጋጀት ነበር፤ ካርድ ክፍል ሰው ሲጎድል ግን ካርድ አወጣለሁ፣ መርማሪው ሲቸገር ደግሞ አስተረጉማለሁ።

ያን ቦታ ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጠዋቱ ነው። ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ሳይነሳ ግቢው በሰው ይሞላል። ከሩቅ የመጡት ፈረሶቻቸውን አጥሩ ላይ አስረው፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ይቆማሉ። እኔ እርጥበት የጠጡትን ካርዶች ከመደርደሪያው እያወጣሁ በመስኮት እጣራለሁ። ድምፄ ስለማይሰማ ጥበቃው ተቀብሎ ያስተጋባልኛል። ሰው ሲጋፋ ደግሞ፣ «ቀስ በሉ እንጂ! ሕመሙ አያልቅም፤ ለሁላችሁም ይደርሳል!» ይላል። ሰው ይስቃል፣ እንደገናም ይጋፋል። ዛሬ የምሠራበት ቢሮ ሙቀት አለው፣ ኮምፒውተር አለው፣ የሚጋፋ ሰውም የለም። አንዳንድ ጠዋት ግን ያ የረጠበ ወረቀት ሽታ ይናፍቀኛል።

የዚያን ጊዜ መርማሪያችን አንድ ጤና መኮንን ነበር፤ የወሎ ልጅ ነው፤ ሁሉም ሰው «ዶክተር» ይለዋል። ደግና ፈጣን ነበር። አዊኛ ግን ከሰላምታ አልፎ አያውቅም። ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ሕመማቸውን በአዊኛ ነው የሚናገሩት። እኔ እንጅባራ፣ እኛ ቆሰበር በምንላት ከተማ ብወለድም እናቴ ከገጠር የመጣች ስለሆነች ቤታችን የሚወራው አዊኛ ነው። ይህን ካወቀ በኋላ በቀን አራት አምስት ጊዜ ከምርመራ ክፍል ይጮሃል።

«ካርድ ክፍል! ምላስሽን አውሺኝ!»

እሄዳለሁ። ዓይነ አፋር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። የሰው ሳል፣ የሰው ቁርጥማት ማስተርጎም ግን አልከበደኝም ነበር፤ ቃሉ የኔ አይደለማ።

አንድ የሰኔ ጠዋት ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ መጡ። ከሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ነው የመጡት። አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ በአንድ ጎናቸው ብቻ፣ ጫፉ ላይ ሆነው ነው። የምርመራ ክፍላችን በር አይገጥምም ነበር። ሁልጊዜ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ቀጣዩ ተረኛ ደግሞ ወረፋው እንዳይወሰድበት ክፍተቱ ላይ ይቆማል። የዚያን ቀን የቆመው ጎልማሳ ሰውዬ ነበር። የመመርመሪያው አልጋ መጋረጃ የለውም።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በአዊኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ምንም ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። የመጨረሻ ልጃቸውን ከወለዱ ጀምሮ፣ ሰባት ዓመት ሆነው፣ ማህፀናቸው ይወጣል። ውሃ ሲሸከሙ ይብሳል። በእጃቸው መልሰው ያስገቡታል። ሽንት ያመልጣቸዋል፤ ሰው ይሸተዋል ብለው ቤተ ክርስቲያንም ገበያም መሄድ ትተዋል። ከባላቸው ተለይተው መደብ ላይ ነው የሚተኙት።

«ምን አሉ?» አለኝ ጤና መኮንኑ፣ እስክሪብቶውን እንዳነሳ።

በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ወደ ውስጥ ያያል። ጤና መኮንኑ ወንድ ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ያንን ቃል በአማርኛ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

«ሆዳቸውን ነው» አልኩ። «ወገባቸውንም።»

ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። የትል መድኃኒትና ማስታገሻ ታዘዘላቸው፤ ኪኒኑን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። እኔም ወደ ካርዶቼ ተመለስኩ። ነገ ለብቻው እነግረዋለሁ አልኩ። ነገም እንደዚሁ አልኩ።

በሐምሌ፣ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ተመልሰው መጡ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ርሷል። ክፍሉ ውስጥ ገብተው እኔን አዩና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ያው ነው።»

በር ላይ ልጅ አዝላ የቆመችው ተረኛ፣ «ኧረ ቶሎ በሉ፤ ልጁ ትኩሳት አለው!» አለች።

«አልተሻላቸውም» አልኩ። «ያው ሆዳቸውን።»

ሌላ ዓይነት የትል መድኃኒት ተጻፈላቸው።

ጥቅምት ላይ ከዞኑ ደብዳቤ መጣ። ጤና መኮንኑ ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበው። በማህፀን መውጣት የሚሰቃዩ እናቶችን በነፃ የሚያክም የቀዶ ሕክምና ቡድን ዳንግላ ላይ ለአንድ ሳምንት ይቆያል፤ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ያሉትን እናቶች እስከ ዓርብ መዝግቦ ይላክ። ቡድኑ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚመለስ ደብዳቤው አይልም።

«እኛ ጋ አለ እንዴ?» አለኝ።

መዝገቡን ገለጥኩ። በዚያ በሽታ መስመር ላይ በየወሩ የተጻፈው ዜሮ ነው። ቁጥሩ የኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

«ዜሮ ነው» አልኩት።

«ተመስገን! ዜሮ ብለሽ ላኪዋ፤ ጤነኛ ቀበሌዎች ናቸው ያሉን በይ» አለና ሳቀ፤ ወደ ተረኞቹ ሄደ።

ባዶውን ቅጽ ፊት ለፊቴ አድርጌ እስከ ምሳ ድረስ ተቀመጥኩ። ስሞላው ሰባት ዓመት የቆየ ሕመም በአንድ ክብ ምልክት ሊዘጋ ነው። መጨረሻ ላይ ተነስቼ ወደ ማዋለጃ ክፍል ሄድኩ። አዋላጅ ነርሳችን በዕድሜ ታላቄ ናት፤ በምላሷም ግቢው ሁሉ ይፈራታል።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ንገሪኝ። አረገዝኩ እንዳትዪኝ ብቻ።»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። በእጇ የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች።

«ለሱ ነገርሽው?»

«አልቻልኩም። አንቺ ንገሪልኝ።»

«እንዴ! አስተርጉሚልኝ ነው የምትዪኝ?» አለች። «እሺ፤ እኔም ሄጄ ‘ሆዷን ነው’ ልበለው?»

ጥግ ላይ የነበረችው የፅዳት ሠራተኛ ሳቋን ማፈን አቃታት። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን እግሬ ተንቀሳቀሰ። ጤና መኮንኑ ክፍል ገባሁ፤ በሩን የቻልኩትን ያህል ገፋሁት፤ ጠረጴዛውን እያየሁ ተናገርኩ። ቃሉን ሳወጣው እንደፈራሁት ጣሪያው አልወደቀም።

ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሁለት ጊዜ» አለ፤ «ሁለት ጊዜ የትል መድኃኒት ሰጠኋቸው። አልጋው ላይ ይውጡ ብዬ መች አየኋቸው? እንዴት ይውጡ እላቸዋለሁ፣ ገበያው ሁሉ እያየ!» ገርበብ ያለውን በር እንደ አዲስ ነገር ተመለከተው። «ካርዳቸውን አውጪ። የት ናቸው?»

ካርዱ ላይ ያሉበት ጎጥ ተጽፏል። ስልክ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም እዚያ ኔትወርክ የለም። በነጋታው ከአዋላጇ ጋር ጥርጊያው መንገድ እስከሚያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። መንገዱ ለከሰል በሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ መሀል ነው የሚያልፈው፤ ቅጠሉ ላይ ያደረው ጤዛ ትከሻችንን አረጠበው። ስንደርስ ሴትዮዋ ማሳቸው ውስጥ፣ የታጠፈ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠው ድንች ይለቅማሉ። ባላቸው ገበያ ወርደዋል።

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። በአዊኛ ጀመርኩ፤ «እትዬ፣ ያን ጊዜ የነገሩኝን…»

«አልነገርሽውም» አሉኝ። በአማርኛ ነው ያሉኝ። ደነገጥኩ።

«አማርኛ ይችላሉ?»

«ሕመሜን የምናገርበት አይሆንም እንጂ፣ ቆሰበር ገበያ ስንት ዓመት ድንች የሸጥኩት በምን ይመስልሻል? ሆድ ማለት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ። ወደ አዊኛው ተመለሱ።

«ልጄ፣ ፊትሽ በርበሬ መሰለ። የተማረችው ልጅ ያፈረችበትን እኔ በየትኛው አፌ ልድገመው? ለካ የማይነገር ነው ብዬ ተመለስኩ።»

«ሁለተኛስ ለምን መጡ?»

«ምናልባት ትደፍሪ እንደሆነ ብዬ።»

ይህን ሲሉ ክፋት አልነበረባቸውም። እኔ ግን እስካሁን ያ ወንዝና ያ የረጠበ ቀሚስ ትዝ ሲለኝ ይጨንቀኛል። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት አዋላጇ ቀደመችኝ፤ ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ስለ ዳንግላው ቡድን፣ ስለ ዓርብ ነገረቻቸው። አንዱንም ሳላስቀር አስተረጎምኩ። ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የዚያኛው ክፍል በሩ ይዘጋል?»

«ካልተዘጋ» አለች አዋላጇ፣ «እኔ ራሴ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆምበታለሁ። ይህን ጀርባ አልፎ የሚያይ ወንድ እስኪ ይምጣ!»

ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወደ ማዶው ኮረብታ አመለከቱን፤ ይኸው ሕመም ያለባቸው ሁለት ሴቶች እዚያ አሉ። እኚህ ሴትዮ ምን ይዘው እንደሚመለሱ ሲጠብቁ ነበር። ኪኒኑን አሳይተዋቸው፣ «የትል መድኃኒት ነው ካሉሽማ እኛ ምን እንሠራለን» ብለው ቀርተዋል። የኔ አንድ ቃል ሌሎች ሁለት ሴቶችንም ቤታቸው አስቀርቷል ማለት ነው። የዚያኑ ዕለት ማዶ ተሻገርን። ዓርብ የላክነው ቅጽ ላይ ሦስት ስም ነበረበት።

ዳንግላ ያሳለፍኩት ሳምንት ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የምወደው ነው። ጤና መኮንኑ፣ «ምላስሽን ለሳምንት ለዳንግላ አውሰናል» ብሎ ሸኘኝ። ከአዘና፣ ከአዲስ ቅዳም፣ ስሙን ካላወቅሁት ቦታ ሁሉ ሴቶች በሚኒባስ መጥተዋል። አንድ ረጅም ክፍል ውስጥ አልጋ ለአልጋ ተኝተው ያወራሉ። መጀመሪያው ቀን ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። በሁለተኛው ቀን አንዷ፣ «ስንት ዓመትሽ ነው ከዚህ ጋር?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ዝም ብሎ አያውቅም። አንዷ ምግብ ሲመጣላት ለሌላዋ ታካፍላለች፤ ከቀዶ ሕክምና የወጣችውን ያልገባችው ትጠይቃታለች። እኔ በመሀል ቆሜ ስለ ሽንት፣ ስለ ደም፣ ስለ ማህፀን በሁለት ቋንቋ ስናገር እውል ነበር። ድምፄ እስከ መጨረሻው አልጋ ይሰማ እንደነበር የነገሩኝ እነሱ ናቸው።

የእኔ ሴትዮ ቀዶ ሕክምና ደህና ሆነ። ወደ ቤት በሚመለሱበት ቀን ባላቸው ሊወስዷቸው መጡ፤ ረጅም፣ ዱላ የያዙ፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው የደፉ ሰው። ሐኪሙ መመሪያውን ነገረኝና፣ «ለባልየውም በደንብ ይገባቸው፤ ካልጠበቁ የተሰፋው ይለቃል፣ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል» አለኝ።

«ሦስት ወር ውሃ አይሸከሙም፤ እንጨትም፣ እህልም፣ ከባድ ነገር ሁሉ» አልኳቸው።

«እሽ» አሉ።

ቆምኩ። ሐኪሙ፣ «ሁለተኛውን ነገርሻቸው?» አለኝ። አልነገርኳቸውም። ሰውየው አባቴን የሚያክሉ ናቸው፤ ክፍሉ ሙሉ ጆሮ ነው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን እያጣፉ አዩኝ፤ እንደ ሰኔው ቀን። ካላልኩት ቤታቸው ገብተው እሳቸው ራሳቸው እንደማይሉት አውቃለሁ።

«መኝታም ለሁለት ወር ለየብቻ ነው» አልኩ፤ የባልየውን ዓይን እያየሁ። «አይነኳቸውም። ቁስሉ እስኪድን።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ስንት ወር አልሽ?»

«ሁለት።»

«ሐኪሙ ነው ያለው ወይስ እሷ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ሚስታቸውን አዩ።

«ሰባት ዓመት መደብ ላይ ስትተኛ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የተቀየመችኝ ይመስለኝ ነበር። ምን እንዳደረግኋት ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

ሴትዮዋ ነጠላውን ማጠፍ አቆሙ። ከዚያ ጥቅላቸውን ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ባላቸው ቀድመው አነሱት፤ ሴትዮዋ ለቀቁላቸው። ጎን ለጎን፣ በዝግታ፣ በኮሪደሩ ወጡ።

እያየኋቸው በር ላይ እንደቆምኩ ከኋላዬ ካሉት አልጋዎች አንዷ ጠራችኝ።

«አንቺ ልጅ! የኔም ባል ነገ ይመጣል፤ ለሱስ አራት ወር በዪልኝ!»