ለመሸጥ ይጫኑ

ፈሂማ ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ማንም «ለምን?» አላለም። ትዳር መጣላት፣ ሄደች። ትዳሩ አልሆነም፣ ተመለሰች። ያን ጊዜም የጠየቃት የለም። ቡሬ ላይ፣ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ታላቅ ወንድሟ ሙሄዲን የእህልና የበርበሬ መጋዘን አለው። ከመጋዘኑ በር አጠገብ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነበረች፤ እሷ ላይ ተቀመጠች። ከባል ቤት የተመለሰች ሴት የምትቀመጥበት ካገኘች አልሐምዱሊላህ ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?

ድረ ገጽ መሥራትን የተማረችው እዚያው ተቀምጣ ነው። ለከተማው ሴቶች በተሰጠ አጭር ሥልጠና ላይ ጀመረችው። የቀረውን በስልኳ ቪዲዮ እያየች፣ እያበላሸች፣ ያበላሸችውን ደግሞ እያቃናች ቀጠለችው። ኮምፒውተር አልነበራትም፤ ሁሉን የሠራችው በዚያችው በእጇ በነበረች ስልክ ነው። ሲቆይ ለወንድሟ ሐሳቧን ነገረችው።

«ለመጋዘኑ ገጽ ልሥራለት። ገበሬው በርበሬ እንዳለው እቤቱ ሆኖ ይነግረናል። አንተም መኪና ከመጥራትህ በፊት ማን ምን እንዳለው ታውቃለህ።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለ ሙሄዲን እየሳቀ።

ክፉ ሰው አይደለም። ግን ዱርቤቴ ያለችው እህታቸው ራጂያ በየሳምንቱ ትደውልበታለች። ራጂያ ከባሏ ጋር ከብት ትነግዳለች፤ ቤቷ ልጅ በልጅ ነው፣ የሚያግዛት የለም። ወንፊት እንደሚዋስ ሰው «ፈሂማን ስጠኝ» ትለዋለች። እሱም በመጨረሻ ፈሂማን ጠርቶ ቁርጡን ነገራት።

«ረመዳን እስኪገባ ልየው። ገጽሽ ሰው ካመጣ እዚህ ትሠሪያለሽ። ካላመጣ ራጂያ ዘንድ ትሄጃለሽ። ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ እሷን ብትረጃት ይሻላል።»

ፈሂማ እሺ አለች። እሺ ማለት ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችው ነው። ይህን አንድ ነገር ግን ፈልጋው ነበር። ዱርቤቴ ብትሄድ ከዚያ ሁሉ ልጅ መሐል ስልክ ይዛ የምትቀመጥበት ሰዓት እንደማይኖር ታውቃለች።

ገጹን አሳምራ ሠራችው። ከላይ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቀይ በርበሬ ፎቶ አደረገች፤ ስክሪኑን ይሞላዋል። ከሥሩ ሰላምታ፣ ከሰላምታው ሥር ስለ መጋዘኑ ታሪክ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ። ቁልፏ ላይ «ለመሸጥ ይጫኑ» የሚል ጻፈችበት። እሷን የነካ ሰው ስሙን፣ ቀበሌውንና ያለውን የበርበሬ መጠን የሚሞላበት ቦታ ይመጣለታል። ሊንኩን ገበሬዎች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ ላከችና ጠበቀች። አንድም ሰው አልሞላም።

«ገጽሽ ዛሬም ጾመኛ ናት?» ይላታል ሙሄዲን ጠዋት ጠዋት መጋዘኑን ሲከፍት።

«ታፈጥራለች» ትለዋለች። እሷም ግን ማመኑን እየተወችው ነበር።

አንድ ቀን፣ ገበያ በሌለበት ቀን፣ ረፋድ ላይ አህዮች መጋዘኑ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ጭነታቸው በርበሬ ነው። ከኋላቸው አንድ ጋቢ የደረበ ሽማግሌና ስልኳን በጨርቅ ከረጢት ከአንገቷ ያንጠለጠለች ሚስቱ አሉ። ዳኘውና ሸጋዬ ይባላሉ። ቤታቸው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። በርበሬያቸውን የሚሸጡት ሁልጊዜ ፍኖተ ሰላም ስለነበር ሙሄዲን አያውቃቸውም።

«እንዴት አደራችሁ» አለ ዳኘው። «የት እናውርደው?»

«ምኑን?» አለ ሙሄዲን።

«በርበሬውን ነዋ! ጫኑ አላችሁ፣ ጫንን።»

«ማነው ጫኑ ያላችሁ?»

ዳኘው ወደ ሚስቱ ዞረ። «ይኸው፣ ማነው ይላል! አላልሁሽም?»

«ጽሑፉ ነው ያለው፣ እኔ ምን ላድርግ!» አለች ሸጋዬ። ስልኳን ከከረጢቱ አውጥታ ለፈሂማ ሰጠቻት። «አንቺ አንብቢው እስቲ ልጄ፤ ከዚህ ሰውዬ ንትርክ ገላግይኝ። መንገዱን ሁሉ ሲጨቀጭቀኝ ነው የመጣ።»

ፈሂማ ተቀበለቻትና አነበበች። ለመሸጥ ይጫኑ። የገዛ እጇ የጻፈው ነው። «ጫ»ን አጥብቆ ላነበበው፣ ቁልፏን በጣትዎ ይንኩ ማለት ነው። አላልቶ ላነበበው፣ አህያዎን ይጫኑ። ፊደሉ አንድ ነው፤ መጥበቅ መላላቱን ወረቀትም ስክሪንም አይናገርም። ከተማ የኖረ ሰው ስልክ ሲይዝ አጥብቆ ያነበዋል። አህያ ሲጭን የኖረ ገበሬ ግን ምን ብሎ ያጥብቀው?

ፈሂማ «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ነገሩን አስረዳቻቸው።

ዳኘው በልጅነቱ ትንሽ ቄስ ትምህርት ቤት ቆይቷል፤ ቅኔ ሲሰማ ደስ የሚለው ሰው ነው። በትሩን ተደግፎ ሳቀ። «ሰሙን በአህያ ጭነን መጣን በይኛ! ወርቁ እስልኩ ላይ ቀርቷል።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለች ሸጋዬ። «ደግሜ ላንብበው ብለው አላስጨርሰኝ አለ። ተነሽ፣ ተነሽ ብቻ!»

ሙሄዲን ግን አልሳቀም። መጋዘኑ እስከ በሩ ድረስ በቆሎ ሞልቶታል፤ በርበሬ የሚወስደው አይሱዙ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው። ፈሂማን ወደ ጥግ ጠርቶ «ሰው አመጣሁ በይ እንግዲህ» አላት ቀስ ብሎ። ከቁጣ ይልቅ ድካም ነበረበት፤ እሷን የከበዳትም ይኸው ነው። በልቧ የዱርቤቴን ሚኒባስ ተሳፈረች።

ይሁን እንጂ እነዚያን ሰዎች ከነጭነታቸው ማን ይመልሳል? ሙሄዲን ጫኝና አውራጆቹን ጠርቶ በቆሎውን ወደ አንድ ወገን አስጠጋ። በርበሬው ወረደ። ከአንዱ ማዳበሪያ ጥቂት ዛላ አወጣ፣ ሰበረው፣ አሸተተው፣ አከታትሎ አነጠሰ። እንባውን እየጠረገ ወደ ዳኘው ዞረ።

«አያ ዳኘው፣ ፍኖተ ሰላም ሲሸጡት የኖሩት ይህን ነው?»

«ይህን ነው። ምነው?»

«ምንም። ሳይመጡልን ቆዩ ብዬ ነው።»

ወንዶቹ በርበሬውን ሲመዝኑ ፈሂማ ሸጋዬን ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻት። «እትዬ፣ ገጹን እንዴት እንደከፈቱት ያሳዩኝ» አለቻት።

ሸጋዬ ከፈተችው። ቻርጅ እንዳያልቅባት የስክሪኑን ብርሃን ቀንሳዋለች። የበርበሬው ፎቶ እንደ ከባድ መጋረጃ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወረደ።

«እኛ ቀበሌ ሲሆን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እሳት አንድጄ ስመለስ ገና ግማሽ ነው» አለች። «ለመሆኑ በርበሬ ምን ይሠራልኛል? በርበሬስ ቤቴ ሞልቷል! እኔ ዋጋውን ነው የምፈልግ።»

ፈሂማ ጎንበስ ብላ አየች። ቀጭኑ ግራጫ ጽሑፍ በዚያ ደብዛዛ ስክሪን ላይ ከነጩ አይለይም። ሸጋዬ የምትሞላውን ቦታ ስታገኝም አውራ ጣቷ ሁለቱን ሣጥን ባንድ ጊዜ ነካ፤ ያልፈለገችው ተከፈተ።

«ይህስ ምንድን ነው? እንደ ፍርድ ቤት ስምና አድራሻ!»

«ታዲያ እንዴት ይሁን?»

«ደውሉ በይና! እደውላለሁ። የሰው ድምፅ ይሻላል።»

ፈሂማ የዚያን ዕለት ከሰዓት ፎቶውን ከገጹ አወጣችው። ብዙ የደከመችበት ነበር፤ ግን አወጣችው። ታሪኩንም፣ ሰላምታውንም አጠፋች። ከላይ የዕለቱን የበርበሬ ዋጋ በደማቅ ጥቁር አደረገች። ከሥሩ ለአውራ ጣት እንዲመች እንደ ስክሪኑ የሰፋች አንዲት ቁልፍ ብቻ አስቀመጠች፤ «ይደውሉልን» ትላለች።

«የማንን ቁጥር ላስገባ?» ብላ ሙሄዲንን ጠየቀችው።

«ያንቺን። እኔን ሥራ እንዳያስፈቱኝ።»

የስልኳን ብርሃን ቀንሳ ፀሐይ ላይ ቆማ ሞከረችው፤ ይነበባል። በባጃጅ ኔትወርኩ ወደሚደክምበት የከተማው ዳርቻ ወጥታ ሞከረችው፤ ቶሎ ይከፈታል።

መጀመሪያ የደወሉት የሸጋዬ ጎረቤቶች ናቸው። ከዚያ የማታውቃቸው ሰዎች ተከተሉ። አንዱ ዋጋ ይጠይቃል፣ አንዱ መኪናው መቼ እንደሚመጣ፣ አንዱ ዋጋው ስላነሰበት ይቆጣታል። ማን ምን እንዳለው ለሙሄዲን ትነግረዋለች፤ እሱም እንደዚያው መኪናውን ይጠራል። «ገጽሽ ጾመኛ ናት» ማለቱን ተወ። መተዉን ግን አልተናገረም።

ረመዳን ሊገባ ሰሞን ራጂያ ደወለች። ሙሄዲን ድምፁን ክፍት አድርጎ ነበርና ፈሂማም ትሰማለች።

«ልብሷን አሰናዳች?»

«ራጂያ፣ እህቴ፣ ፈሂማን ተያት። ሥራ ላይ ናት።»

«የምን ሥራ? በር መጠበቅ?»

«ገበሬው ሁሉ ፈሂማ የት አለች ነው የሚል። እኔንማ ማን ያውቀኛል?» አለ ሙሄዲን። «ለአንቺ ሌላ የምታግዝ ሰው እንፈልጋለን።»

 ፈሂማ ግን እልል አላለችም። የእህቷን ቤት ታውቀዋለች፤ ራጂያ ውሸቷን አይደለም፣ ደክሟታል። አንዱ ሲሞላ አንዱ ይጎድላል፤ ምን ይደረጋል። ስልኩን ከወንድሟ ተቀብላ «ለዒድ እመጣለሁ፣ ሰንበት ብዬ አግዝሻለሁ» አለቻት። ራጂያ እያጉረመረመች መረቀቻት።

ወዲያው የራሷ ስልክ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ነው፤ ቁጥሯን ከጎረቤት ተቀብሎ ነው የደወለ። ገጹ ስልኩ ላይ አልከፈት ብሎታል።

«ምን ይታይዎታል አባባ?»

«ምንም። ነጭ ብቻ።»

«ስልክዎ ምን ዓይነት ናት?»

«አሮጌ ናት፣ እንደ እኔው።»

«ግድ የለም፣ መላ እንፈልግላታለን» አለችውና ወረቀት አምጥታ የስልኩን ዓይነት ጻፈች።