ፊቱን የሣለው ማን ነው

ከባለቤቴ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ባቄላ እሸት መፈልፈል ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ እኔ ስፈለፍል እሱ ጥሬውን ይበላል። «ለወጥ ምን ሊተርፍ ነው?» አልኩት። «ቅርፊቱ» አለኝ። በማግስቱ ታመመ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ተደበላልቆብኛል።

አርባው ከወጣ በኋላ ልጄ ወደ አንኮበር ወሰደችኝ። ከከተማው ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ከጥንት የኖሩበት ሰፈር አለ። ባለቤቴ በወጣትነቱ እዚያ ሠርቷል። ዛሬ ሰፈሩ ሙዚየም ሆኗል። ቤታችን አንድም ሥዕሉ ስለሌለ፣ የእጁን ሥራ ፈልገን ፎቶ ልናነሣ ነው የሄድነው።

ሳየው እንደማውቀው እርግጠኛ ነበርኩ። ከውስጠኛው ክፍል አንድ ጻድቅ ትክ ብሎ አየኝ። ዓይኑ የባለቤቴ ነው፤ ደከም ያለ፣ ሊስቅ ምንም ያልቀረው። «ይኸው አባትሽ» አልኳት ልጄን። እንባዬ ቀደመኝ።

በር ላይ ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ ተነሥተው መጡ። ድሮ ከባለቤቴ ጋር የሠሩ ሠዓሊ ናቸው፤ አሁን ጎብኚ ያስተናግዳሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው «ነፍስ ይማር» ብለው ሥዕሉን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፊቱ እንኳ የእሱ አይደለም፣ እህቴ። እዚህ አንድ ሸራ በአንድ ሰው እጅ አያልቅም። አንዱ ይነድፋል፣ አንዱ ልብስ ይቀባል፣ ፊት የመምህራችን ነው። አንዴ ለእሱ ፊት ቢሰጡት ጻድቁን ቀረጥ ሰብሳቢ አስመስሎት አረፈ!»

ልጄ ሳቀች። እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

«ታዲያ የእሱ የቱ ነው?»

«እሱና እኔ ልብስ ነበር የምንቀባው። ይኼ ሰማያዊ ቀሚስ...» ጠጋ ብለው አዩት። «የእሱ ይመስለኛል። የኔም ሊሆን ይችላል። ስም መጻፍ ነውር ነበር።»

ልጄ ስልኳን እንደያዘች «እማ፣ የቱን ላንሣ?» አለችኝ። ቀሚሱን አልኳት። ቤት ገብቼ ሳየው ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው።

ያ ዓይን እስካሁን አልገባኝም። በሌላ ሰው እጅ ሥራ ባሌን ካየሁ፣ ባሌን የማውቀው በምኑ ነበር? ወይስ መምህሩ እሱን እያዩ ሥለውት ይሆን? ሽማግሌውን ይህን ልጠይቃቸው ያሰብኩት ዳገቱን ከወጣን በኋላ ነው፤ ለመመለስ ጉልበቴ እምቢ አለ።

አሁን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የቅዱሳኑን ፊት ትቼ ልብሳቸውን አያለሁ።