አባባ ይመር «አንቱ» ያሉኝ ቀን

ጦርነቱ ከተማችን መርሳ የገባ ጊዜ አስራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ አባባ ይመር ቤት የገባሁባትን ቀን ግን ወላሂ አልረሳትም። ሌባ ሆኜ ከመቅረት ያተረፈችኝ እሷ ናት።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ግማሹ ሰው ወደ ደሴ ሸሽቷል። የቀረነው ልጆች ሥራ ፈተን መደባደብ ያዝን። እውነቱን ልናገር፤ ደብዳቢዎቹ እነ እንድሪስ ናቸው፣ ተደብዳቢው እኔ ነኝ። በየቀኑ! በመጨረሻ እንድሪስ «ከኛ ጋር ከሆንክ ማንም አይነካህም» አለኝ። ገባሁላቸው። ዱላው ቀረልኝ፤ በምትኩ ሰው ጥሏቸው የሸሸ ቤቶችን መበርበር ጀመርኩ። መጀመሪያ ድስት፣ ቀጥሎ ብርድ ልብስ።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ እንድሪስ አንድ ጣሪያ ላይ ሶላር አየ። መብራት ከጠፋ ቆይቷል። «ግባና ባትሪውን አምጣ፤ ባዶ እጅህን ብትወጣ ውርድ ከራሴ» አለኝ። ቤቱ ሰው የሌለበት መስሎናል።

በሩን ገፋ ሳደርገው ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«አንቱ ነዎት? ይግቡ እንጂ፤ በር ላይ አይቁሙ።»

ክው አልኩ። አባባ ይመር ናቸው። ልጆቻቸው ሲሸሹ «መንገድ አልችልም» ብለው ቀርተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ውሃ የሚያመጣላቸው ጎረቤት መስያቸዋለሁ። «ትናንት ሲቀሩ ምን አገኛቸው ብዬ ሰጋሁ» አሉኝ። ጄሪካኑ ባዶ ነው።

እኔን! እንድሪስ «አንተ ውሻ» እያለ የሚጠራኝን! በዕድሜዬ አንቱ ያለኝ ሰው የለም። ባትሪው እግሬ ሥር ነበር። ጄሪካኑን አነሳሁ።

እንድሪስን «ሰው አለበት፤ አልወስድም» አልኩት። የዚያን ቀን ዱላ ከሁሉም ይብሳል። ቢሆንም ደሜን ጠርጌ ውሃውን ቀዳሁና አደረስኩላቸው።

በማግስቱ ውሃ ይዤ ስገባ እንድሪስ ባትሪውን ራሱ ሊወስድ ተከተለኝ። አባባ ኮቴውን ሰሙ።

«እንግዳ ይዘው መጡ? እርስዎስ ማን ይባላሉ?»

ያ ሁሉ ጉራ የት እንደገባ እንጃ! ራሱን እያከከ «እንድሪስ ነኝ አባባ» አለ፣ በቀጭን ድምፅ። ባትሪውን ሳይነካ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ጄሪካን የተሸከመው እሱ ነው። ታላቅ ወንድሙ እየቀጠቀጠ እንዳሳደገውም የነገረኝ ያኔ ውሃ ስንቀዳ ነው።

በኋላ ለአባባ ጉዴን ተናዘዝኩ። ሳቁ። «ታዲያ አሁን አንተ ልበልዎት?» አሉኝ።

ዛሬ ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲደባደቡ ሳይ አልቆጣም። ጠጋ ብዬ «እስቲ ይተዉ እርስዎ» እላለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ! ሲስቁ የጨበጡት እጃቸው ይፈታል።