ሊቀ ሌሊት ያላለው

ይህ ታሪክ መነገር የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ትልቅ ነገር የለበትም። ያለበት አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም፣ አንዲት እናት፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበርኩት እኔ፣ ይኸው ነው። የሚያሳፍረውም የእኔ ክፍል ነው። ቢሆንም ባለፈው ሳምንት የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ እንደምንም ልጻፈው።

ለቁርስ ተሰልፈን ነበር። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያንን ሰልፍ ያውቀዋል፤ ብርዱ ከእግር ይጀምራል፣ የፍርፍሩ ሽታ ደግሞ ከሩቅ እየመጣ ያስጎመጃል። ከፊቴ የቆሙት ሁለት ልጆች ይከራከሩ ነበር።

«ማታ ሰማሽው? ስለጠፉት ሰዎች ያለውን?»

«ሰማሁት። ውሸታም ነው ባክሽ።»

«ውሸታም ቢሆን ይኼ ሁሉ ሰው ይደውልለት ነበር?»

«ሰው የሚደውለው ለውሸታም ነው እንጂ! እውነት የሚናገር ሰው ስልክ መቼ ጠርቶ ያውቃል?»

ሁለቱም ሳቁ። የሬዲዮ ፕሮግራሙን አዘጋጅ ስም ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ። ያው ሰውዬ ነው። አሁንም አለ፤ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያወራል። ሰሃኔን መልሼ ቁርስ ሳልበላ ከሰልፉ ወጣሁ።

እኛ ሰፈር በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሊቀ ሌሊት ነበር የሚባለው። ስሙን ያወጡለት ቀልደኛው ጎረቤታችን አያ አንለይ ናቸው። «ሊቀ ካህናት አለ፣ ሊቀ ጠበብት አለ፤ ይኼ ደግሞ ሰው ሲተኛ የሚያስተምር ሊቀ ሌሊት ነው» አሉ፤ ስሙም ጸደቀ። ስለ መናፍስት፣ በሐይቅ ሥር ስላሉ ከተሞች፣ በተራራ ላይ ስለሚታዩ መብራቶች፣ ሰው እየሰወሩ ስለሚያስቀምጡ ምስጢረኛ ኃይሎች ያወራል። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። አንድ ቃል ይልና ይቆማል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ የራስህን ልብ ትሰማለህ።

የሚገርመው፣ ከሰፈራችን ሰው በጆሮው የሰማው ጥቂት ነው። ሰፈራችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ወጥቶ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል፤ ከጀርባው ያለው ተራራ ጣቢያውን ይከልለዋል። እኔ ግን ዘጠነኛ ክፍል ስለገባሁ ፍኖተ ሰላም አንድ ክፍል ተከራይቼ እማር ነበር። አባቴ ለዜና ብሎ የገዛውን ትንሽ ሬዲዮ ይዣለሁ። ፕሮግራሙን ዓርብ ሌሊት እሰማለሁ፤ ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ ወደ ቤት ስገባ ሰፈሩ ይጠብቀኛል።

ጊዜው የበርበሬ ቅንጠሳ ነበር። በርበሬው ደርቆ በጀንዲ፣ በደረቅ የከብት ቆዳ ላይ ይከመራል፤ ጎረቤት ዙሪያውን ተቀምጦ አንድ በአንድ ጭራውን ይቀነጥሳል። ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ ሞፈር አይነካም። በርበሬ መቀንጠስ ሥራ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ግን በየዓመቱ ይነሣል፤ ቄሱም በየዓመቱ፣ ቤታቸው በርበሬ ስላለ፣ ሥራ አይደለም ብለው ይፈርዳሉ። ሁሉም ያስነጥሳል፤ የሁሉም ዓይን ያለቅሳል። የዳጉሳ ጠላና የባቄላ ንፍሮ ይዞራል። ገና ከበሩ ስገባ አያ አንለይ ይጮኻሉ፦

«መጣች ሬዲዮናችን! በሉ ጸጥ በሉ። ሊቀ ሌሊት ምን አለ?»

እነግራቸዋለሁ። ድምፁን እያስመሰልኩ፣ እሱ የሚቆምበት ላይ እየቆምኩ። ከዚያ ክርክሩ ይደራል። አንዱ «ያ መብራት እኛም ተራራ ላይ ታይቷል» ይላል፤ ሌላዋ «አንተ ያየኸው የከሰል አክሳዩን እሳት ነው» ትለዋለች። ቄሱ ሰይጣን ነው ይላሉ፤ ቀጥለው ግን «ከዚያስ?» ብለው ይጠይቁኛል። ትምህርት ቤት ከኋላ ወንበር የምቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ። እዚያ ግን ሃያ ሰው አፌን ያየኛል። ያ ስሜት እንዴት እንደሚጣፍጥ አልደብቅም።

ከሰሚዎቼ አንዷ እማ ይመኙ ነበሩ። ቤታቸው ከቤታችን አጥር ማዶ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ሙሉቀን ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት መስከረም ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ቆላ ወርዶ አልተመለሰም። ስልኩም ከጥቅምት ጀምሮ አይጠራም። አንድ ቀን ስንቄን አንግቤ ስወጣ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ የተሰወረ ያውቃል አይደል የምትዪን?»

«ያውቃል ይባላል፣ እማ።»

«እንግዲያ የኔን ሙሉቀን ጠይቂልኝ።»

በአከራዬ ስልክ መልእክት ላክሁ። ዓርብ መጣ፤ አላነበበውም። ሁለተኛው ዓርብ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። እማ ይመኙ ምን አለሽ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ከሁሉ ቀድመው ይመጡና ከፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ፤ እየቀነጠሱ ያዩኛል፤ ተርኬ ስጨርስ እጃቸውን አራግፈው ይሄዳሉ። ያንን መሄዳቸውን መቋቋም አቃተኝ።

አራተኛው ቅዳሜ ታኅሣሥ ውስጥ ነበር። እንደልማዴ ተረኩ፤ ጨረስኩ፤ እማ ይመኙ እጃቸውን ማራገፍ ጀመሩ።

«የእርስዎንም አነበበው» አልኩ።

እጃቸው ቆመ። «ምን አለ?»

እንዲህ የሚል ድምፅ ከራሴ አፍ ወጣ፦ «እናት ሆይ፣ ልጅሽ በሕይወት አለ። መንገዱ ተዘግቶበት ነው። በሩን አትዝጊበት።»

እልልታ ጠብቄ ነበር። የሰማሁት የበርበሬ ማስነጠስ ብቻ ነው። ሴቶቹ አቀረቀሩ። በሕይወታቸው ዝም ብለው የማያውቁት አያ አንለይ አንድ በርበሬ አንሥተው፣ ሳይቀነጥሱ፣ አገላብጠው መልሰው አኖሩት። እማ ይመኙ ብቻ ተነሥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ከንፈራቸው በበርበሬው ምክንያት ያቃጥል ነበር። አባቴ «ይሁን... ይሁን» አለ።

ወዲያው ወደ ጓሮ ወሰደኝ።

«ሰውዬው እውነት እንዲህ አለ?»

አቀረቀርኩ። መዋሸቴን ከዚያ አወቀ።

«ሙሉቀን ሞቷል» አለኝ። «አምና በጥቅምት፣ በወባ። አብሮት የነበረው ልጅ ባለፈው ረቡዕ መጥቶ ነገረን። እዚያው ቆላ ተቀብሯል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«መርዶ በቅንጠሳ መሃል ይነገራል? ወንድማቸው ከቡሬ ሳይመጣ፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ እህሉ ሳይገባ?» ቀጠለና፣ «ውሸቷን ነው ብንል ልጅሽ ሞቷል ማለታችን ነበር። ስለዚህ ሁላችንም ያንቺን ውሸት ተሸከምነው» አለ።

የእኛ አገር ልማድ ይህ ነው። የሞት ወሬ እንደመጣ አይፈስም፤ ሐዘንተኛው እስኪመቸው፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይያዛል። አገር ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ይረዳል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሚያውቁት አንዷ ሆንኩ። እማ ይመኙ በአጥሩ በኩል ትኩስ ዳቦ ሲያቀብሉኝ ዓይናቸውን እያየሁ መብላት ነበረብኝ።

ጥምቀት አለፈ። ወንድማቸው ከቡሬ መጡ። አንድ እሑድ ማለዳ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ገና ሳይቀልጥ፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደጃቸው ተሰበሰብን። ወጥተው አዩን። የቆመ ሕዝብ በዚያ ሰዓት ምን ይዞ እንደሚመጣ ለጎጃም ሴት አይነገራትም። ወንድማቸው «ይመኙ፣ እኅቴ፣ ሙሉቀን...» ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

እማ ይመኙ አላለቀሱም።

«ግቡ ወደየቤታችሁ» አሉ። «እናንተ ሞት መደበቅ ታውቃላችሁ። ያባቱን ሞት ሃያ ቀን ደብቃችሁኝ ከእናንተ ጋር ስስቅ ከርሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ብሎ የሚናገረኝን ሰው አላምንም። ያ ሰውዬ ግን አያውቀኝም፤ አያዝንልኝም። ምን ብሎ ይዋሸኛል?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

ሕዝቡ ሁሉ አየኝ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

ለቅሶ ይዞ መጥቶ ለቅሶውን ይዞ የተመለሰ ሕዝብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ቄሱ «እናቱ አለ እያሉ እንዴት ነፍስ ይማር እላለሁ?» ብለው ፍታቱን ተዉት። ሙሉቀን ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ፍታት የለው፣ አርባ የለው፣ ተዝካር የለው። ሽማግሌዎቹ ስለዚህ ነፍስ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ በመንገድ የቆመ ሰው እንዳይሰማቸው ይመስል።

እማ ይመኙም በሩን አልዘጉም። እኛ ዘንድ በር ሳይሸጎር አይታደርም፤ ጅብ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ሳድር ከአልጋዬ ሆኜ ነፋሱ ያንን በር ሲከፍተውና ሲመልሰው እሰማ ነበር። አንድ ማለዳ ጥጃቸው ተበልታ አደረች። ደሟን በአመድ ሸፈኑት፤ በሩ ግን በሚቀጥለውም ሌሊት ክፍት ነበር። ከእንቅልፌ ስነቃ አንዳንዴ የእግር ኮቴ የምሰማ ይመስለኛል፤ ሙሉቀን መጥቶ፣ ማንም ሳያለቅስለት መግባት አፍሮ፣ ደጁ ላይ የቆመ ይመስለኛል።

«ያፈሰስሽውን አንቺው እፈሽው» አለ አባቴ። ሄድኩ። እማ ይመኙ ደጃፋቸው ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥባሉ። «እማ...» ከማለቴ አቋረጡኝ።

«ደግ መጣሽ። ሌላ ጥያቄ ጻፊልኝ። የልጄ እጅ ላይ ምን ምልክት አለ በይው። ምልክቱን ግን አትጻፊለት፤ እሱ ይንገረን።»

ምልክቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሙሉቀን በልጅነቱ ዳጉሳ ሲያጭድ የግራ እጁን ትንሿን ጣት ማጭድ ቆርጦበታል። የመጣሁበትን ሳልናገር ተመለስኩ፤ መልእክቱንም ላክሁ።

በዚያው ዓርብ አነበበው። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። መጀመሪያ ጥያቄውን አነበበ፤ ከዚያ እንደልማዱ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «እናት ሆይ፣ ልጅሽ በሕይወት አለ። ይታየኛል። በቀኝ መዳፉ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። በሩን አትዝጊበት።»

ሬዲዮውን አጠፋሁት፤ ድምፁ ግን የጠፋ አልመሰለኝም። በሩን አትዝጊበት። ያንን ቃል ፈጥሬው ነበር፤ ወይም ከእሱ አፍ ተምሬው ነበር። እስከ ንጋት ድረስ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም።

ቅዳሜ ከአስፋልቱ ወርጄ ያንን ረጅም መንገድ ስሄድ አንድ ሐሳብ አብሮኝ ሄደ። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ተቆርጣለች አለ ብል ያበቃል። ይደሰታሉ፤ ይስሙኛል። የሰማ ሌላ ሰው የለም። መንገዱ ዳር ያለው የበቆሎ አገዳ በነፋስ ይንሿሿል፤ እኔ አረፍተ ነገሩን በሰውየው ድምፅ እለማመዳለሁ። እየተለማመድኩ መሆኔን ሳውቅ ቆምኩ።

እማ ይመኙ ደጃቸው ላይ ሆነው ጠበቁኝ።

«በቀኝ መዳፉ የእሳት ጠባሳ አለ ነው ያለው» አልኳቸው።

«ጣቱንስ?» አሉ።

«ስለ ጣት አላለም።»

«የፊተኛውንስ? በሕይወት አለ ያለውን?»

«እሱን የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ እማ። ያኔ አላነበበውም ነበር።»

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመቱኝም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ልጄ እናቱ ሳታለቅስለት ከረመ» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። ቀጥለው «ሂጂ አባትሽን ጥሪልኝ። ሰዎቹን ይመልስልኝ» አሉ።

ስሮጥ ከኋላዬ ድምፃቸው ተሰማ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያች ደቃቃ ሴት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ፣ ሳይጠራ መጣ።

ብዙ ጊዜ ሰዎች ሲያወሩኝ፣ ምን ብላቸው ደስ እንደሚላቸው ቶሎ ይገባኛል። መምህሮቼ ይወዱኛል፤ ጓደኞቼ ጭንቀታቸውን ለእኔ ነው የሚነግሩት። ይህን ስጦታ አድርጌ የማየው ጊዜ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ የምሥራች ሲጠብቅ፣ መጀመሪያ የምፈራው ራሴን ነው። እማ ይመኙ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ በሶ አስይዘው መርቀው ሸኙኝ። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ወቀሳው አድክሟቸው ይሁን፣ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ያ ሁሉ ነገር ያበቃው ቄሱ ሬሳ በሌለበት የሙሉቀንን ስም ጠርተው በፈቱት ቀን ነው፤ የካቲት ፲፮ ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት።