በፍልሰታ የተመዘነ

በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የልጅ ልጄን ፍልሰታ በገባ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሚዛን ላይ አቁመው መዘኑት፤ ቀለለ ብለው ሁለት ዓመት የለፋበትን ቦታ ለሌላ ሰጡበት። ቦታውን ያገኘው ልጅ ምንም አላጠፋም። የኔም ልጅ አልታመመም፣ አልሰነፈም። የሚጾምና የማይጾም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን ተመዘኑ፤ የሚጾመው ቀለለ ተባለ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይህን ለመጻፍ ግን ይበቃኛል።

ቦታው ምን እንደሆነ ላስረዳ። የልጅ ልጄ ኮሌጅ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታል። በእግር የሚመታውን አይደለም፤ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚጋጩበትን ነው። ከተከላካዮቹ ሁሉ ፊት፣ ከተቃራኒው ቡድን ጋር ግንባር ለግንባር የሚቆሙ አራት ልጆች አሉ። እሱ ከአራቱ የዳሩ ነው። «ኤንድ» ይሉታል። መጀመሪያ በስልክ ሲነግረኝ ደነገጥኩ። እኔ የማውቀው «ዚ ኤንድ» ፊልም ሲያልቅ የሚጻፈውን ነው።

«ምነው ልጄ፣ አባረሩህ እንዴ?»

«ኖ፣ እማማ! ዳር ማለት ነው። ዳር ላይ የሚቆም።»

የምኖረው እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አረጋውያን በሚኖሩበት ሕንፃ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ሊጠይቀኝ መጣና ሥራው ምን እንደሆነ እኔኑ አቁሞ አሳየኝ። ከቤቴ በር ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር ላይ አቆመኝ።

«አንቺ ኳስ የያዘውን ሰው የምትጠብቂው ትልቁ ሰውዬ ነሽ» አለኝ።

«ስንት እመዝናለሁ?»

«ሦስት መቶ ፓውንድ።»

«በል ና እንግዲህ!»

እግሬን አንፈራጥጬ፣ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ትከሻውን ወደ ግራዬ ሰበቅ አደረገ። ወደዚያ ስዞር በቀኜ አለፈ፤ ነጠላዬን እንኳ አልነካውም። ዞር ስል ከኋላዬ በሬን ተደግፎ ይስቃል። ያን ጊዜ የሱ ነገር ፍጥነት መሆኑ ገባኝ። ግዙፉ ሰው ክንዱን እስኪያነሣ እሱ አልፏል።

እናቱ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ከኔ በባቡር የሚደረስ አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ ትኖራለች፤ ሆቴል ነው የምትሠራው። እሷ ቤት ስሄድ ከአንድ ጎረቤቷ ጋር እከራከራለሁ። ታክሲ የሚነዳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቴሌቪዥን ፊት የማይነሣ ሰው ነው።

«እትዬ፣ አይሸወዱ» ይለኛል። «እዚያ ፊት ሰልፍ ላይ ዋናው ሳይዝ ነው፣ ግዝፈት ማለቴ ነው። ሁለት ግዙፍ ሰዎች አንድ ላይ ሲመጡበት በምን ጉልበት ይገፋቸዋል?»

«ማን ይግፋ አለህ? ማለፍ እያለ?»

«ኳሱን ይዘው ወደሱ ሲሮጡስ? ያኔም ይለፍ? እሱ ሲያልፍ እኮ በሩ ክፍት ቀረ።»

«አንተ በዚህ ሆድህ ማንን አስቁመህ ታውቃለህ?»

ልጄ ከወጥ ቤት «እማዬ!» ብላ ጮኸችብኝ። እሱ ግን አልተቀየመም። «ኧረ ትራፊክ አስቁሜያለሁ» አለ።

እንግዲህ ነሐሴ መጣ። የቡድኑ ልምምድ የሚከብደው በዚያ ወር ነው፤ ጠዋትም ከሰዓትም ይለማመዳሉ። የኛም ፍልሰታ በዚያው ወር ይውላል። የልጅ ልጄ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ፍልሰታን ሳይጾም ቀርቶ አያውቅም። ሃይስኩል እያለ ከቡድኑ ሁሉ ትልቁ እሱ ስለነበር ቢከሳም የሚያስተውል አልነበረም። ኮሌጅ ግን ሁሉም ትልቅ ነው። ውሃ እንዳይተው አስምዬዋለሁ፤ በዚያ ሙቀት ሰው ይሞታል። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ግን በአፉ አልዞሩም። እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አይቀምስም ነበር። ሌሎቹ ከልምምድ ወጥተው ሥጋቸውን ሲቆርጡ እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ስልኩን ያይ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሩዝና ባቄላ ይበላል።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተመዘኑ። አሥራ አንድ ፓውንድ፣ አምስት ኪሎ ያህል፣ ቀንሶ ተገኘ። በማግስቱ የተሰላፊዎቹ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ማታ ደወለልኝ።

«እማማ፣ ሁለተኛ ነኝ።»

«ከስንት?»

«ከሁለት።»

ደህና እደሪ ብሎኝ ዘጋው። 

ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ ኮሌጁ ቤተሰብ የሚጎበኝበት ቀን ነበረው። ልጄ ሥራ ስለነበረባት ታክሲ ነጂው ወሰደኝ፤ መኪናውን የሚያቆምበት ሲፈልግ እኔ ቀድሜ ወረድኩ። ልጆቹ ልብስ ሊቀይሩ ገብተዋል። አሠልጣኙ ሜዳው ዳር ቆሞ ወላጆችን ይጨብጣል። ተራዬን ጠብቄ ሄድኩና እጁን ያዝኩት። የልጅ ልጄን የማሊያ ቁጥር ከያዝኩት ወረቀት ላይ አሳየሁት። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ናት፤ ጾም «ፋስት» እንደሚባል ግን ከሐኪም ቤት አውቃለሁ። ለደም ምርመራ ስትመጪ ፋስት አድርጊ ይሉኛል። ስለዚህ «ማይ ቦይ ፋስት» አልኩት። «ቱ ዊክ፣ ፋስት።»

ፊቱ በራ። «የስ ማም! ሂ ኢዝ ፋስት! ሪል ፋስት!»

ያውቃል ማለት ነው! ዓይኑን እያየሁ ሚዛኑን በእጄ ሠራሁለት፤ አንዱን መዳፍ ዝቅ፣ አንዱን ከፍ። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለት እጁን እንደ በር ከፈተና «ቢግ» አለኝ። «አይ ኒድ ቢግ።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

 በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ተናገርኩ። ሰውዬው ልጁ መጾሙን እያወቀ መዘነው፤ ጾማችንን ናቀ፤ ፊቴ ላይ ሳቀ አልኩ። አንዷ አለቀሰች። ሌላዋ ደብዳቤ ይጻፍ አለች። እኔም ይጻፍ አልኩ።

የልጅ ልጄ ወሬውን ከእናቱ ሰምቶ በዚያው ቀን ደወለልኝ።

«እማማ፣ ኮች መጾሜን አያውቅም። ለማንም አልነገርኩም።»

«እኔ ነግሬዋለሁ። ‹የስ› አለኝ፤ ‹ሪል ፋስት› አለኝ።»

 «ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?»

«ፋስት።»

መሳቅ ጀመረና አቋረጠው። «እማማ፣ ፋስት እኮ ፈጣንም ማለት ነው። ልጄ ፈጣን ነው ያልሽው መስሎታል።»

አላመንኩትም። ጾምና ሩጫ እንዴት አንድ ስም ይኖራቸዋል? የሚጾም ሰው እኮ ቀስ ነው የሚለው። ሦስቴ አስደገምኩት። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ስለ ፍጥነቱ እያመሰገነልኝ ነበር፤ እኔ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስሙን አጥፍቻለሁ።

«አንተስ ለምን አልነገርከውም?» አልኩት በመጨረሻ።

«ኤክስኪዩዝ ይመስላል። ጾሙ የኔ ነው፤ የሱ ፕሮብሌም አይደለም።»

አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ፤ ካልጻፍኩት ይህ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ «እማማ፣ ዘንድሮ ብተወውስ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «አንተ ታውቃለህ» አልኩት። እኔ አንተ ታውቃለህ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። ካህን ጠይቅ ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

በሚቀጥለው እሑድ እዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ቦታ ቆምኩ። «ባለፈው የነገርኳችሁ ስሕተት ነው» አልኩ። «ሰውዬው አላወቀም፤ እኔ ነኝ በቃሉ የተሳሳትኩት። ደብዳቤው ይቅር።» ያለቀሰችው ሴት ቅር አላት፤ እንባዋን የወሰድኩባት ይመስል።

የኔ ስሕተት ግን የሱን ሚዛን ትክክል አያደርገውም። ማክሰኞ ቀዩን ባቡር ይዤ፣ መሀል ከተማ ወደ ቢጫው ቀይሬ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ልጄን ዕረፍት ውሰጂ፣ አስተርጉሚልኝ አልኳት። የልጅ ልጄ ሰማና ደወለ።

«እማማ፣ ፕሊስ እንዳትሄጂ። አያቱ ለመነችለት ይሉኛል።»

«ልለምን አይደለም የምሄደው። ልጠይቅ ነው። ደግሞ ሰውዬውን በድዬዋለሁ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ገባን። አሠልጣኙ እኛን ለመቀበል ሲነሣ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ተደገፈ፤ አንደኛው ጉልበቱ አይታጠፍለትም። መጀመሪያ ስለ አዳራሹ ነገርኩት። ልጄ ልታለዝበው ፈለገች። «ልክ እንዳልኩት ንገሪው፤ ስምህን አጥፍቼ ነበር በይው» አልኳት። ነገረችው። አልሳቀም። ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ቀጥሎ ስለ ጾሙ ነገርነው፤ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ምን እንደማይበላ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ። ብዙ ጠየቀ። ወረቀት ላይ ጻፈ።

«ብታውቅ ኖሮ በዚያን ቀን ትመዝነው ነበር?» አልኩት።

ልጄ መልሱን ነገረችኝ። «አልመዝነውም ነበር ይላል። ጾሙ እስኪያልቅ እጠብቅ ነበር። አሥራ አንድ ፓውንድ ሲወርድ አይቼ ለምን ብዬ አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው ይላል።»

ተነሥቶ በሩን ከፈተና ተጣራ። የልጅ ልጄ የልምምድ ልብሱን እንደለበሰ መጣ፤ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ሚዛን ላይ አቆሙት። ከአሥራ አንዱ ፓውንድ ዘጠኙ ተመልሷል። አሠልጣኙ የድሮውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን በእስክሪብቶ ጻፈና ወረቀቱን ወደኔ አዙሮ አሳየኝ።

«እንግዲያው ቦታውስ?» አልኩ። «ሳይዝ ነው ወይስ ፍጥነት? አንዱን ንገረኝ።»

ልጄ ተረጎመችለት። የልጅ ልጄ ከሚዛኑ አልወረደም። ሰውዬው እኔን ሳይሆን እሱን እያየ ተናገረ። ልጄ አሳጥራ ልትነግረኝ ፈለገች።

«ልክ እንዳለው» አልኳት።

«ሳይዝ ነው ይላል፣ እማዬ። ተቃራኒው ኳስ ሲወረውር ካለኝ ልጅ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው፤ ያኔ አስገባዋለሁ። ኳሱን ይዘው ወደሱ ሲሮጡ ግን ሁለት ሰው አንድ ላይ ይወድቅበታል። እኔም በሱ ዕድሜ የሱን ያህል ነበር የምመዝነው፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ላይ አስገቡኝ፤ ጉልበቴን አይታችኋል። ቁጥሩን አርሜዋለሁ፤ ምርጫዬን አልለውጥም ይላል።»