ከማጅራት የተቆረጠ ዘለላ

እትዬ ውባንቺ ሹሩባ ሠርተው ሲያበቁ የማይተዉት አንድ ልማድ ነበራቸው። በሚዶው ላይ የተንጠለጠለውን፣ በወንበሩ ሥር የረገፈውን ፀጉር አንዲት ሳያስቀሩ ይለቅማሉ፤ በወረቀት ይጠቀልላሉ፤ ከዚያም ለባለቤቲቱ፣ ልጅ ከሆነች ደግሞ ለእናቷ፣ "ተረከቢ" ብለው በእጇ ያስጨብጧታል። ለንደን ውስጥ ሰቨን ሲስተርስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለችው ጠባብ ፀጉር ቤታቸው ጌጥ የላትም፤ ብርድ በገባ ቁጥር ማሞቂያዋ ያኮርፋል። ቢሆንም ከኬንቲሽ ታውን ድረስ አውቶቡስ እየቀያየሩ፣ በደጃቸው ያለውን ፀጉር ቤት እያለፉ የሚመጡ እናቶች ነበሩ። ፀጉርና ጥፍር የሰው ገላ ነው፣ በባዕድ እጅ ከገባ ምን እንደሚሠራበት አይታወቅም ይላሉ። እትዬ ውባንቺ ራሳቸው መተት ይፍሩ አይፍሩ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እርሳቸው የሚያውቁት፣ ሰው አምኖ ራሱን ካጎነበሰላቸው፣ ከዚያ ራስ የወደቀው ሁሉ አደራ መሆኑን ነበር።

ስለዚህም፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 መጸው ላይ፣ ማህሌት የምትባል ወጣት መጥታ የልጆች ፀጉር ስትጠይቃቸው ሚዶውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቀሩ።

ማህሌት ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የልጆችን ክብደትና ጭንቀት በሚያጠና ቡድን ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። አማርኛዋ ይወላገዳል፤ አክብሮቷ ግን አይወላገድም።

"ከማጅራት በኩል፣ የእርሳስ ውፍረት ያህል ብቻ ነው፣ እትዬ። የሐበሻ እናቶች ሁሉም እምቢ አሉኝ። እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩልኝ..."

"አንቺ ልጅ፣ ቀበሌ ነው የላከሽ?" ከአገር የወጡት በደርግ ዘመን ስለነበር፣ ፎርም የያዘ ሰው ሁሉ ለእርሳቸው ቀበሌ ነው።

"ኖ፣ ኖ! ከዩኒቨርሲቲ ነኝ።"

"እንግዲያው ዩኒቨርሲቲሽ ይቅር ይበለኝ። ስንት ዓመት ያስረከብኩትን አደራ ዛሬ በመቀስ ቆርጬ ለባዕድ አልሰጥም። ሻይ ልቅዳልሽ?"

ማህሌት ሻይዋን ጠጣች፤ የስልክ ቁጥሯን ትታ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ብፅዓት ልጇን ዳናዊትን ይዛ መጣች። ብፅዓት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ለቃ የወጣች፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት የምትሠራ፣ ጎህ ሳይቀድ ልጇን ለጎረቤት ትታ የምትወጣ ሴት ናት። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ከአንዱ ጊዜያዊ ቤት ወደ ሌላው ሲያዘዋውራት ቆይቷል፤ ዳናዊትም ገና በዘጠኝ ዓመቷ ሦስተኛ ትምህርት ቤቷን ይዛለች።

ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠችው እንግዳወርቅ፣ የቤቱ ደንበኛም ወሬኛም፣ ልጅቱን ስታይ ፊቷ በራ።

"ውይ የኔ ቆንጆ! ወፈርሽ አይደል እንዴ! እንዲህ ነው የሚያምርብሽ፣ ጉንጭሽ ሙልት ብሎ!"

እንግዳወርቅ ማሞገሷ ነበር። እርሷ ባደገችበት ሰፈር የልጅ ውፍረት የጥጋብና የጤና ምስክር ነው። ለዳናዊት ግን ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈባት፤ የሹራቧን ቆብ እስከ ዓይኗ ሳበች።

"እባክሽ ተያት፣" አለች ብፅዓት። "ክሊኒክ ክብደቷ ከዕድሜዋ በላይ ሆኗል ብለውኛል። ማታ ማታ ሚዛን ላይ አወጣታለሁ። የምግቡን ቁም ሳጥንም ቆልፌዋለሁ። ምን ላድርግ? ዞር ስል ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች።"

እትዬ ውባንቺ ልጅቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። የልጅቱን ቆብ ቀስ አድርገው አወረዱና ፀጉሯን በሚዶ ይከፍሉ ጀመር። ማጅራቷ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከጆሮዋ ኋላ ዝቅ ብሎ ሳንቲም የምታህል ቦታ ተመልጣለች። ቀና ሲሉ የዳናዊት ዓይን በመስተዋቱ ውስጥ ይጠብቃቸዋል።

"ለማሚ እንዳትነግሪያት። ፕሊስ፣ አንቲ።" ድምፅዋ ከካስኩ ጩኸት ሥር ለእርሳቸው ብቻ ተሰማ። አንቱታ አታውቅም፤ እርሳቸውም አልጠበቁባትም።

"ማን ነቀለው?"

"እኔ። አልጋ ላይ ስሆን እጄ ብቻውን ይሄዳል። ሐሳብ ሲመጣብኝ።"

"የምን ሐሳብ፣ የኔ ልጅ?"

"ደግመን ሙቭ እንደምናደርግ፣ ሌላ ቤት። ከዚያ ደግሞ ማሚ ሚዛኑን ስታይ ፊቷ... ክብደቴ ቢጨምር የኔ ጥፋት ነው አይደል?"

"አይደለም። እኔ አልነግራትም፤ ሲሆንልሽ አንቺው ትነግሪያታለሽ። ያን ቀን ከጎንሽ እቆማለሁ።"

የተመለጠችውን ቦታ ሳይወጥሩ፣ ሹሩባውን ከላይ አውርደው ሸፈኑላት። ማንም ምልጣቱን ሳያይባት ከቤቱ ወጣች፤ እትዬ ውባንቺ ግን ነገሩን መተው አልቻሉም። ቢናገሩ ቃል ማፍረስ ነው፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ሕፃን በሌሊት ፀጉሯን ስትነቅል ማየት ነው። በሦስተኛው ቀን ማህሌት ጋ ደወሉ። የማንም ስም ሳይጠሩ ነገሩን አስረዷትና፣ "አሁን ይህን ጥናትሽን እንደ ሰው አስረጂኝ" አሏት።

"ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፣" አለች ማህሌት ቃላት እየፈለገች። "በራሱ ክፉ አይደለም፤ አውቶቡስ ሊያመልጥዎት ሲል የሚያስሮጥዎት እርሱም ነው። ጭንቀቱ ሳይበርድ ወራት ሲቆይ ግን እንቅልፍ ያውካል፤ ጣፋጭና ቅባት ያስመኛል፤ ስብ ሆድ አካባቢ እንዲከማችም ያግዛል ይባላል። ደም ብንወስድ የዚያችን ሰዓት ብቻ ነው የሚነግረን። ፀጉር ግን ሆርሞኑን ይዞ ያድጋል፤ ከሥሩ ሦስት ሳንቲሜትር የሦስት ወሩን ያህል ይናገራል።"

"እንግዲያ ልጅቱን ያወፈራት ጭንቀት ነዋ!"

"እሱን ከአንዲት ልጅ ፀጉር ማወቅ አይቻልም፣ እትዬ። ምግቡም፣ እንቅልፉም፣ ዘሩም አለበት። የቱ የቱን እንዳመጣ እኛም ገና አናውቅም፤ ብዙ ልጆች የምንፈልገው ለዚህ ነው። ፀጉሯን የምትነቅል ልጅ ግን ጥናት መጠበቅ የለባትም፤ እናቷ ጂፒ፣ የሰፈሯ ሐኪም ጋ ትውሰዳት።"

እትዬ ውባንቺ ስልኩን ዘግተው ብዙ አሰቡ። በዕድሜያቸው ሁሉን እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ያደረሱትን አይተዋል። አላውቅም ለማለት የማታፍር ሰው አደራ መጠበቅ ሳትችል አትቀርም አሉ በልባቸው።

ዳናዊት ሹሩባዋን ልታስፈታ በተመለሰችበት ቅዳሜ ማህሌትም ተጠርታ መጣች። ለብፅዓት ስለ ጥናቱ የነገረቻት ሁሉ በሰላም ተሰማ፤ መቀስ ሲነሣ ግን ብፅዓት ተነሥታ ቆመች።

"የልጄን ፀጉር? እትዬ፣ እርስዎ ነዎት ለዚህ የጠሯት? እርስዎ ጋ የምመጣው ለምን ሆነና!"

እትዬ ውባንቺ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ሻሻቸውን ፈቱ። ደንበኞቻቸው ያለ ሻሽ አይተዋቸው አያውቁም። ነጭ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወረደ።

"ከእኔ ቁረጪ፣" አሏት ማህሌትን።

"እትዬ፣ ጥናቱ እኮ የልጆች ነው።"

"ለጥናትሽ ነው ማን አለሽ? ለብፅዓት ነው። ክፋት ካለበት እኔን አስቀድሞ ያግኘኝ፤ እርሷ ቆማ ትይ።"

"ኧረ በስተርጅና ሊያብዱ ነው!" አለች እንግዳወርቅ።

"አንቺ ካስክሽ ውስጥ ግቢ።"

ማህሌት ከማጅራታቸው አንዲት ዘለላ ቆረጠች። ዳናዊት ከት ብላ ሳቀች። "አንቲ፣ ኦል ዋይት ነው እኮ!" እናቷ የልጇን ሳቅ ከሰማች ብዙ ጊዜዋ ነበርና ዘወር ብላ አየቻት።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ዳናዊት መቀሱን አየችው፤ ማህሌት የቆረጠችበትን ቦታ አየች፤ የእርሷ ምስጢር ያለውም እዚያው ነው። ቀጥሎ ወደ እትዬ ውባንቺ ተመለከተች። አሮጊቷ ቃላቸውን አልረሱም፤ ከወንበሩ ተነሡና ከጎኗ ቆሙ።

"ማሚ፣ የኔንም ትቁረጥ። ግን... እዚያ ጋ የሌለ ቦታ አለ።" በገዛ እጇ ሹሩባዋን ወደ ላይ አነሣችው።

ብፅዓት ቀርባ አየች። ጣቷን ወደ ተመለጠው ቦታ ሰደደች፤ ሳትነካው መለሰችው።

"ሚዛኑ ነው? እኔ ነኝ?"

"በአንድ ነገር ብቻ አይደለም፣" አለች ማህሌት። "ማንም እርስዎ ነዎት ሊልዎት አይችልም።"

"ለምን አልነገርሽኝም፣ እናቴ?"

"ታለቅሻለሽ ብዬ።"

"ይኸው እያለቀስኩ ነው። ምን ሆንኩ?"

ዳናዊት እናቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ በሹራቧ እጅጌ ፊቷን ጠረገችላት። "ምንም አልሆንሽም" አለች፣ እንደ መገረም ብላ።

ያን ጊዜ ብፅዓት መቀሱን ከማህሌት ወስዳ ለእትዬ ውባንቺ ሰጠች። እርሳቸውም ከተመለጠው ራቅ ብለው፣ ማንም እንዳይለየው አድርገው ቆረጡ። ማህሌት ፎይል ዘርግታ ትጠብቃለች። ዘለላዋን አኖሩና እጇን በእጃቸው ይዘው፣ "ተረከቢ" አሏት። ማህሌት ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። መሬት ላይ የቀረውን ደግሞ እንደ ወትሮው ለቅመው በወረቀት ጠቅልለው ለብፅዓት ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች እናቶችም ፈቀዱ። ስለ ዳናዊት ለብቻዋ የመጣ መልስ የለም፤ እንደማይመጣም ተነግሯቸው ነበር። ብፅዓት ልጇን ጂፒ ጋ ወሰደች፤ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ ሚዛኑን ከዓይን አራቀች። በፀጉር ቤቷም አዲስ ሕግ ወጣ፤ የሰው ውፍረትና ቅጥነት አይወራም። "ታዲያ ልጅ ስትመጣ ምን ልበላት?" ብላ እንግዳወርቅ አጉረመረመች። "'መጣሽ ወይ' በያት፤ ይበቃታል" አሏት እትዬ ውባንቺ።

በጸደይ ካውንስሉ እናትና ልጅን እንደገና አዛወራቸው። ዳናዊት ግን ሹሩባዋን ለመሠራት መምጣቷን አልተወችም። ክብደቷን እትዬ ውባንቺ አልጠየቁም። ፀጉሯን ሲከፍሉ ጣታቸው ማጅራቷ ላይ ቆመ፤ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ አጭር ፀጉር ነካቸው።

"አድጓል?" አለች በመስተዋቱ።

"አድጓል።"

"ቆይ፣ ያንቺንስ?" ከወንበሩ ወርዳ ሻሻቸውን በጣቷ ገለጥ አደረገችና፣ የተቆረጠበትን ቦታ በጥንቃቄ ዳሰሰች። "የኔ በለጠ! ያንቺ ደግሞ ነጭ ነው፣ አይቆጠርም።"

"ይህቺ ባለጌ!" አሉ እትዬ ውባንቺ። እስክትጠግብ ግን አንገታቸውን ደፍተው ቆዩላት።