ለውሃ የሚመጡት ሰው

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ሳልጠረጥር የተመነጠርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች ተዋደዱ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ጎድሎት ነው?» ብዬ ነው። አስተማሪ ነኝ። ባሌ የነበረው ሰውም አስተማሪ ነበር፤ ከሐረር ርቆ ቆላ ውስጥ ተመድቦ ሙቀቱና ብቸኝነቱ ያንገሸገሸው። ለሥልጠና ከተማ ሲመጣ ተዋወቅን፣ ወደደኝ፣ ተጋባን። በትዳር ምክንያት ወደ ሐረር ተዛወረ። ብዙም ሳይቆይ ከሐረር ወደ ሌላ ከተማ ዝውውር አገኘና ብቻውን ሄደ። ለካ እኔ ሚስት ሳልሆን መናኸሪያ ኖሬያለሁ። ዕቃዬን ሰብስቤ ሸዋ በር አጠገብ ወዳለው የእናቴ ቤት ተመለስኩ።

እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። በእኛ ከተማ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የመጣ ቀን ያልቀዳ፣ ተራው እስኪደርስ ጎረቤት ይለምናል። የእኛ ቤት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውሃው ጥሩ አድርጎ ይወርድልናል፤ አባቴ ደግሞ በሕይወት ሳለ ትልቅ ሮቶ አስተክሎ ነበር። እንግዲህ ሮቶ ያላት መበለት ቁንጅና አይጎድላትም። ሃምሳ አለቃው ይህን አይተው ነው የመጡት ብዬ ደመደምኩ።

ሃምሳ አለቃው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሚስታቸውን እዚሁ የቀበሩ፣ አቦከር ሰፈር አንዲት ሙስሊም እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ። እናቴ ከቅዳሴ ስትወጣ «ነገ የኛ ፈረቃ ነው» ብላ ለጎረቤት ስትነግር ሰምተው መሰለኝ፣ በማግስቱ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው በራችንን አንኳኩ።

«እሜቴ፣ እኛ ጋ ውሃ ጠፋ» አሉ።

«ምን ገዶኝ፣ ይቅዱ! ብቻ የቧንቧው መክፈቻ ለእጄ ጠጥሮብኛል፤ እርስዎ ይክፈቱልኝ» አለች እናቴ።

ከዚያ ወዲህ ውሃው በመጣ ቁጥር እሳቸውም መጡ። መክፈቻውን ይከፍታሉ፣ በርሜሎቻችንን ይሞላሉ፣ ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው ከእናቴ ጋር ሲያወጉ ጀሪካናቸው ሞልቶ ይፈሳል። ሁለቱም አያዩትም። እናቴ በፈረቃው ቀን አዲሱን ነጠላዋን ትለብስ ጀመር። ውሃ ለመቅዳት የምትኳል ሴት ያየሁት ያኔ ነው። እኔም ሰውየውን በአፌ አንቱ እያልኩ በሆዴ እከታተላቸው ነበር።

ሁዳዴ ሲጋመስ እናቴ ሽሮውን እያማሰለች፣ ስለ ሽሮው የምትነግረኝ ይመስል፣ «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ልንቆርብ ነው» አለች።

ደነገጥኩ። በቁርባን የታሰረ ትዳር እኮ እንደ እኔው ትዳር አይደለም። ሽማግሌ አይፈታውም፣ ፍርድ ቤት አይፈታውም። ሰውየው የፈለጉትን አግኝተው ፊታቸውን ቢያዞሩ እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ታስራ መቅረቷ ነው።

«እማዬ፣ ሰውየው የሚፈልጉት ሮቶውን ነው።»

«ይሁና።»

«ይሁና ትያለሽ?»

«አባትሽስ መጀመሪያ ምን ፍለጋ የመጣ ይመስልሻል? የአባቴን ብስክሌት ሊዋስ ነበር። ብስክሌቱ ዛገና ተጣለ፤ እሱ ግን እስኪሞት ከቤቴ አልወጣም።»

ይህ ለእኔ መልስ አልሆነልኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እኔ ደግሞ ያየሁት እባብ ብቻ አይደለም፣ ነድፎኛል። በሚቀጥለው ፈረቃ እሳቸው ሳይደርሱ በርሜሎቹን ሁሉ ሞልቼ፣ መክፈቻውን ዘግቼ፣ «ዛሬ ውሃ አልመጣም» ልላቸው ወሰንኩ። ውሃ ከሌለ ይቀመጡ እንደሆነ እናያለን። መክፈቻው ይጠጥራል ስለተባለ ፒንሳ ይዤ ወጣሁ።

ፒንሳው አላስፈለገም። በሁለት ጣቴ ገፋ ሳደርገው እንደ ለስላሳ ክዳን ዞረ። ቀና ስል እናቴ በመስኮት እያየችኝ ነው። መጋረጃውን ዘጋችው።

መክፈቻውን እንደገና ዘግቼ ጓሮ ገባሁና ጠበቅኩ። ሃምሳ አለቃው ደረሱ። ጀሪካናቸውን አስቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ያንን በሁለት ጣት የሚዞር መክፈቻ በሁለት እጃቸው ጨብጠው መኪና እንደሚገፋ ሰው «እህህ!» አሉ። እናቴ አጠገባቸው ቆማ «አይዞዎት፣ ቀስ ይበሉ» ትላለች። እስከዚያች ሰዓት የምጠረጥረው አንድ ሰው ነበር፤ ሁለት ሆኑብኝ።

ጀሪካናቸውን ተሸክመው ሲወጡ እኔ ነገሩን ከአከራያቸው ላጣራ በሌላው መንገድ ቀድሜ አቦከር ደረስኩ። አከራያቸው በራቸው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው በሃምሳ አለቃው ክፍል በር ላይ ነበር። ክዳናቸው ሞልቶ በፈሰሰ ውሃ የረጠበ በርሜሎች ተደርድረዋል።

«እዚህ ውሃ ጠፍቶ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ እዚህ ግቢ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም! የኛ ፈረቃ ከናንተ ይቀድማል። ለኔም የሚሞላልኝ እሱ ነው።»

«ታዲያ ከእኛ ቤት የሚወስዱትስ?»

«መስጊዱ በር ላይ ለውዱእ፣ ሰው ከሶላት በፊት የሚታጠብበት በርሜል አለ አይደል? እዚያ ይገለብጠዋል። ማስቀመጫ የት አለውና! አላህ ጀዛውን ይክፈለው፣ ሰው ሁሉ በሱ ውሃ ነው የሚሰግደው።»

ሃምሳ አለቃው ባዶ ጀሪካን ይዘው ሲገቡ አዩኝ። የተያዘ ተማሪ መሰሉ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ውሃ አለዎት» አልኳቸው።

«አለኝ» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

«ታዲያ ለምን ይዋሻሉ?»

«ምን ብዬ ልምጣ ልጄ?» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ የመበለት በር አንኳኩቼ፣ እንዲያው ላይዎት ፈልጌ ነው ልበል?»

ተሰናብቼ ወጣሁ። ወደ ቤት ስመለስ ባሌ ትዝ አለኝ። ባሌ ወደ እኔ ሲመጣ ሁልጊዜ እውነተኛ ጉዳይ ነበረው፦ ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ ዝውውር። እኔን ለማየት ሲል አንድም ቀን ውሸት ፈልጎ አያውቅም። ቀናሁ፤ በገዛ እናቴ ቀናሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ሰው ሲያየኝ ደግሞ በአቧራው አሳበብኩ።

ሰው ለምን እንደሚወድ አሁንም አልገባኝም። ሃምሳ አለቃው ምን እንደጎደላቸው ፈልጌ አላገኘሁም፤ ውሃ ግን አይደለም። ጥርጣሬዬም ጨርሶ አልለቀቀኝም፣ ፈልጎ ያጣ ጥርጣሬ ደግሞ ዕረፍት የለውም። ሆኖም በሚቀጥለው የፈረቃ ማለዳ፣ እናቴ ጸሎት ላይ ሳለች፣ ፒንሳውን ይዤ ወጣሁና መክፈቻውን እጄ እስኪያመኝ ድረስ አጠበቅኩት።

ሃምሳ አለቃው መጡ። እንደ ልማዳቸው «እህህ» አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አራግፈው እንደገና ሞከሩ። አልዞረም።

«ዛሬስ የእውነት ጠጥሯል» አሉ ግራ ገብቷቸው።

እናቴ ጎንበስ ብላ እጇን በእጃቸው ላይ ደረበች። ከዚያ ቀና ብላ እኔ ወደቆምኩበት መስኮት አየች። መጋረጃውን ዘጋሁት።